«ዛሬ» የሚለው ምልክት ያመለከተበት ቀን

የምስክር ስም፦ ወ/ሪት ዓይናዲስ አንዳርጋቸው
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የኮምፒውተርና የደኅንነት ካሜራ ባለሙያ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረፋድ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ምክትል ኢንስፔክተር ወንድምአገኝ በላቸው
ጉዳዩ፦ የፋርማሲ ባለሙያዋ የወ/ሪት ማስተዋል መጥፋት

ቃሌን ከመጀመሬ በፊት የቢሮው በር እንዲዘጋልኝና ከመስኮቱ ራቅ ብዬ እንድቀመጥ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ወደዚህ ያመጣኝ ሰው ከጣቢያው ፊት ለፊት መኪናው ውስጥ ሆኖ እየጠበቀኝ ስለሆነ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ይሁን እንጂ ስፈራ አፌ ስለማያርፍ ቃሌ ቢረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተጠራሁት ፖሊስ የያዘው ቪዲዮ ትክክለኛ መሆኑን በባለሙያነቴ እንዳረጋግጥ ነው። ቪዲዮው ማስተዋል ጳጉሜ 4 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ፒያሳ ካለው የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ወጥታ የአላምረው ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ያሳያል ተብሎ ባለባጃጁ አላምረው ታስሯል። ማስተዋል ከዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ጀምሮ አልተገኘችም። እኔ ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም፤ ነገር ግን የጳጉሜ 4 አይደለም። የጳጉሜ 3 ነው። አላምረው ያላደረገውን ተሸክሞ ተቀምጧል፤ እርሱ እስከታሰረ ድረስም ማስተዋልን የወሰዳትን ሰው የሚፈልግ የለም። የመጣሁት ይህንን ለመናገር ነው።

ማስተዋልንና እኔን የሚያገናኘን አዘዞ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን መኖራችን ነው። ዕቃዋ ሁሉ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፋ ስሟን የምትጽፍ ሰው ናት። ማንኪያዋም፣ ባልዲዋም፣ እኔ የተዋስኳት መጥረጊያ ሳይቀር ስሟ አለበት። እኔም ስስታም እያልኩ እስቅባት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። በመድኃኒት ቤቱ የኋላ ክፍል የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶች ቀናቸው ተፍቆ አዲስ ቀን ታትሞባቸው ማየቷን ነገረችኝ። ለባለቤቱ ለአቶ ይበልጣል ፊት ለፊት እንደነገረችው፣ ካላስወገደው ከዓውደ ዓመት በኋላ ለሚመለከተው ክፍል እንደምታመለክትም አጫወተችኝ። እርሱ ምን እንዳለ ስጠይቃት ምንም አላለም፣ አመሰገነኝ እንጂ ብላኛለች። አቶ ይበልጣል ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር እኔም ሰምቼው አላውቅም።

የመድኃኒት ቤቱን የደጃፍ ካሜራ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ካሜራው ራሱ ምስሉ ላይ የሚጽፈው ቀን መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚዛባ ማንም አያምነውም። ስለዚህ ምስሉ በሚከማችበት ኮምፒውተር ላይ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፌ ጫንኩ። ፕሮግራሙ ለየዕለቱ በእኛ አቆጣጠር የተሰየመ ማህደር ይከፍታል፤ የዕለቱ ምስል እዚያ ይገባል። ሠራተኞቹ እንዳይቸገሩ ደግሞ «ዛሬ» የሚል ስም ያለው ምልክት ይፈጥራል። በእኛ ሙያ ሲምቦሊክ ሊንክ ይባላል። ምልክቱ በውስጡ ምስል የለውም፤ ምስሉ ያለበትን ማህደር ያመለክታል እንጂ። መርማሪው ይህ አልገባኝም ስላሉ፣ ወደ ደባርቅ ይወስዳል እንደሚል የመንገድ ታፔላ ቁጠሩት ብያቸዋለሁ። ታፔላው ደባርቅ አይደለም። ታፔላው ቢነቀል ደባርቅ ካለበት አይጠፋም፤ ታፔላው ወደ ሌላ ቢዞር ግን እንግዳው ሁሉ ሌላ አገር ይገባል።

ገንዘብ ተቀባይዋና ጥበቃው የሚከፍቱት «ዛሬ» የሚለውን ብቻ ነው። በ«ዛሬ» በኩል ካልሆነ የየቀኑ ማህደሮች በይለፍ ቃል የተዘጉ ናቸው። ይለፍ ቃሉን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ፕሮግራሙ ምልክቱን የሚተክለው ሲስተም ኮል በሚባል ጥሪ የኮምፒውተሩን ዋና ሥርዓት በቀጥታ ጠይቆ ነው። ዋናው ሥርዓት ደግሞ በዚያ ስም ቀድሞ የተተከለ ነገር ካገኘ በላዩ ላይ አይተክልም። ስሙ ተይዟል ብሎ እምቢታውን በቁጥር ይመልሳል፤ ከተሳካ ዜሮ ይመልሳል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ስለሚጠፋ ፕሮግራሙ የዕለቱን ምልክት ይነቅላል፣ ጠዋት ሲበራ አዲሱን ይተክላል። ጳጉሜ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በዝናቡ መሐል መብራት ድርግም ብሎ ጠፋና ሳይመጣ አመሸ። ምልክቱ ሳይነቀል አደረ። በማግስቱ ጠዋት ፕሮግራሙ አዲሱን ልትከል ብሎ ጠየቀ፤ ስሙ ተይዟል ተባለ፤ እርሱም መልሱን ሳያይ አለፈ። መልሱን እንዲያይ አድርጌ አልጻፍኩትም ነበርና። የጳጉሜ 4 ምስል በትክክለኛው ማህደሩ ውስጥ ሲከማች ዋለ፤ «ዛሬ» የሚለው ምልክት ግን ቀኑን ሙሉ ትናንትን ያሳይ ነበር።

የመድኃኒት ቤቱ ጥበቃ አያ ኪሩ እንደነገሩኝ፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጥቶ ካሜራው ይታይ ሲል ገንዘብ ተቀባይዋ እንደ ልማዷ «ዛሬ»ን ከፈተች። አቶ ይበልጣል ከኋላቸው ቆሞ ነበር። የአላምረው ባጃጅ ሲመጣ ሁሉም ያዘው፣ ያዘው አሉ። ፖሊስ ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጦ ሄደ። ማታ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሲዘጋ ያ የተሳሳተ ምልክት ተነቀለ፤ ዛሬ ጠዋት ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ተገኘ። ስህተቱን የሚናገር አንድም ነገር አልቀረም።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ አቶ ይበልጣል ደወለልኝ። ፖሊስ ባለሙያ እንደሚፈልግ፣ እርሱም በመኪናው እንደሚያደርሰኝ ነገረኝ። ለማስተዋል የሚጠቅም መስሎኝ በደስታ ወጣሁ። ሆኖም መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ ጎራ እንበል ብሎ ወደ ፒያሳ ወሰደኝ። ኮምፒውተሩ ባለበት የኋላ ክፍል አስቀምጦ ፖሊስ የወሰደውን ቪዲዮ ከስልኩ አሳየኝ።

ቪዲዮው ላይ ይዘንባል። ክረምት ስለሆነ ዝናብ ማየት ለማንም አዲስ አይደለም፤ ጳጉሜ 4 ቀንም ዘንቧል። ነገር ግን በየሱቁ ደጃፍ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጆግና ባልዲ ተደርድሯል። ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይዘላሉ። ጉንፋን ይፈሩና በበጋ እንኳ ራሳቸውን ሳይጠመጥሙ የማይወጡት አያ ኪሩ ባዶ ራሳቸውን መንገድ ዳር ቆመው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተዋል። ማስተዋል ራሷ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ በክንዷ አንጠልጥላ እየረጠበች ወጥታ ነው ባጃጁ ውስጥ የገባችው። ሰው በዝናብ ለመጠመቅ ባዶ ራሱን የሚወጣው በሩፋኤል ዕለት ነው፤ ጳጉሜ 3። የማግስቱን ዝናብ ሰው ሁሉ ሸሽቶታል። ባጃጁን እዩ ተብሎ የተጠራ ሰው ግን ያየው ባጃጁን ብቻ ነው።

ደስ ብሎኝ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ይሄኔ አቶ ይበልጣል እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ፣ ፖሊስ የሚፈልገውን ስለወሰደ ወደ ጣቢያ ከመሄዳችን በፊት የጳጉሜ 3ንና የጳጉሜ 4ን ማህደሮች እንዳጠፋለት ነገረኝ። ዲስኩ ሞልቷል አለኝ። ዲስኩ ግማሹ ባዶ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁት፣ አውቀዋለሁ። አፌን ዘጋሁ።

በዚያ ቅጽበት አያ ኪሩ ብቅ ብለው መድኃኒት የጫነ አይሱዙ መጥቶ መንገድ እንደተዘጋበት፣ መኪናውን እንዲያነሣ ነገሩት። ቁልፉን ይዞ ወጣ። እኔም ይለፍ ቃሉን አስገብቼ የጳጉሜ 4ን ማህደር ከፈትኩ። ድምፅ ስለሌለው ምስል ብቻ ነው ያየሁት። በስድስት ሰዓት ገደማ መንገዱ በዝናቡ ምክንያት ጭር ብሏል፤ አያ ኪሩ ምሳ ሄደዋል። ማስተዋል ሐምራዊ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች። ነጭ መኪና ከደጃፉ ቆሟል። አቶ ይበልጣል ወርዶ የኋላውን በር ከፈተላት። እርሷ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከመኪናው ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ወጥቶ እጅጌዋን ያዘ፤ አቶ ይበልጣልም ከጀርባዋ ገፍቶ አስገባት። የእጁ ባለቤት ፊቱ አይታይም። ጃንጥላው መሬት ወድቆ ነበር። አቶ ይበልጣል አነሣው፣ ውኃውን አራገፈ፣ አጠፈው፣ ይዞት ገባ። ግራና ቀኙን እንኳ አላየም።  

እጠፋለሁ ብዬ አሰብኩ። የኋላው ክፍል ግን መውጫው አንድ ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ እርሱ ይመጣል። ምስሉን ወደ ሌላ ቦታ ልገልብጥ ብል ጊዜ የለኝም። ማጥፋቱን እምቢ ብል ማወቄን ያውቃል። ስለዚህ የሁለቱን ቀኖች ማህደሮች ስማቸውን ለውጬ እዚያው ዲስክ ውስጥ ሌላ ቦታ አኖርኳቸው። ስም መለወጥ ዕቃውን ስለማያንቀሳቅስ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው የሚወስደው። በድሮው ቦታቸው ደግሞ በድሮው ስማቸው ሁለት ምልክቶች በዚያው ጥሪ ተከልኩ። በችኮላ ፊደል ሁለት ጊዜ ስቻለሁ። በዚህ ጊዜ ግን መልሱን ሳላይ አላለፍኩም። ዜሮ መለሰ። የእግሩ ድምፅ በኮሪደሩ ሲመጣ ሁለተኛውንም ዜሮ አየሁ።

ገብቶ ከኋላዬ ቆመ። ስሞቹን በጣቱ እያሳየ ይቺንና ይቺን አለኝ። ምልክት ሲሆን ማህደሩን በሚወክለው ሥዕል ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ትታያለች። እርሱም አያት። ይቺ ቀስት ምንድን ናት ብሎ ጠየቀኝ። ሊጠፋ የተዘጋጀ ማህደር እንዲያ ነው የሚሆን ብዬ መለስኩ።   ከዚያ አጥፊያቸው አለኝ፤ በዓይኑ ፊት አጠፋኋቸው። ደጋግሞ አስከፈተኝ፤ የሉም። ያጠፋሁት ታፔላውን ነው። ደባርቅ ካለበት አለ። ይህን የማውቅ ግን እኔ ብቻ ስለነበርኩ ደስታ አልተሰማኝም፤ የበለጠ ፈራሁ።

ስነሣ ፊቴን አየና «ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?» አለኝ። ሞቆኝ ነው አልኩ። በጳጉሜ ብርድ፣ እርሱ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሞቀኝ ማለቴን ራሴም ሰምቼ ደነገጥኩ። እርሱ በሩን ከፍቶ ቅደሚ አለኝ።

መኪናው ውስጥ ከፊት አስቀመጠኝ። እግሬን ስዘረጋ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር ነካኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የታጠፈ ሐምራዊ ጃንጥላ ነው፤ ገና አልደረቀም። እግሬን ሰበሰብኩ። በመንገድ ላይ ስልክ ተደወለለት። የደወለውን ሰው ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ምግብ እምቢ ካለች ተዋት፣ ማታ እኔ እመጣለሁ ብሎ ዘጋ። ሳልጠይቀው ዞር ብሎ፣ ለበዓል ድብ ባሕር የገዛናት በግ ናት፣ እህል አልቀምስ ብላ አስቸገረች አለኝ። እርሱ ድብ ባሕር በሚባለው ቦታ የእህል መጋዘን እንዳለው አውቃለሁ። ለዓውደ ዓመት ሙክት ትቶ ሴት በግ የሚገዛ ሰው ግን አይቼ አላውቅም፤ በግም ምግብ እምቢ አለች አይባልም። ማስተዋል በሕይወት እንዳለች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ብቻ እንደሆነም አብሮ ገባኝ።

ጣቢያው ደጃፍ ስንደርስ መኪናውን አቆመና እንዲህ አለኝ፦ «እናትሽ ወይዘሮ እናኑ ሳንጃ ከተማ ነው የሚኖሩት፣ አይደል? ሸጋ ሴት ናቸው ይባላል። ለዓውደ ዓመት ሰው እልክባቸዋለሁ። ቪዲዮው ትክክል ነው ብለሽ ፈርመሽ ውጪ። እጠብቅሻለሁ።» ስለ እናቴ ነግሬው አላውቅም። ስሟንም ከእኔ አልሰማም። እሺ ጋሼ ብዬ ወረድኩ። 

መርማሪው ለምን በመጀመሪያ ሁሉንም አልተናገርሽም ብለው ጠይቀውኛል። ወደ ቢሮው ስገባ ማን ማንን እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። አቶ ይበልጣል የተከበረ ሰው ነው፤ የዚህ ጣቢያ ሰው ሲታመም ከእርሱ ዘንድ መድኃኒት ይገዛል። በሩ እንዲዘጋ ስጠይቅ መርማሪው ምክንያት ሳይጠይቁ ራሳቸው ተነሥተው ስለዘጉት ተናገርኩ። የማህደሮቹን አዲስ ስምና ያሉበትን ቦታ በዚህ ወረቀት ላይ ማስጻፍ ስላልፈለግሁ ለመርማሪው በጆሯቸው ነግሬያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነው። እርሱ ጥርጣሬ ገብቶት በድንጋይ ቢቀጠቅጠው የእኔ ቃል ብቻ ነው የሚቀረው፤ የእኔ ቃል ደግሞ ከእርሱ ቃል ጋር ሲመዘን ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ቃሌ እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል። መርማሪው ወጥተው ሁለት ፖሊሶች በኋላው በር ወደ ፒያሳ መላካቸውን፣ ወደ ድብ ባሕርም የሚሄዱ ሰዎች እየተዘጋጁ መሆናቸውን ነግረውኛል። ከዚያም ቃሌን ለመጨረስ በተቀመጥንበት ስልኬ ጠራ። አቶ ይበልጣል ነው። እንዳላነሣው ለመንኩ። መርማሪው ግን ካላነሣሽ ይጠረጥራል፣ ድምፁን ከፍ አድርገሽ አንሺው ስላሉኝ አነሣሁት። ጨረስሽ ወይ አለኝ። ልፈርም ነው አልኩት።  እርሱ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነበር። «ዝናብ ጀመረ እኮ፤ ጃንጥላ ይዤ እስከ በሩ ልምጣልሽ?» አለኝ።

መርማሪውን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ና አልኩት።

ከላይ የተጻፈው ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትንና በእጄ የሠራሁትን ነው፤ ከፍርሃቴ በቀር የጨመርኩበት የለም። አላምረው እንዲፈታ፣ ሳንጃ ላለችው እናቴ ጥበቃ እንዲደረግላትና ከሁሉ በፊት ለማስተዋል እንዲደረስላት እየጠየቅሁ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዓይናዲስ አንዳርጋቸው
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ ም/ኢ/ር ወንድምአገኝ በላቸው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ በመፈረም ላይ እያሉ አቶ ይበልጣል በጣቢያው በር ሲገባ በቁጥጥር ሥር ውሏል። ከያዘው ስልክ ላይ ከድብ ባሕር የተደወሉ ጥሪዎች ተገኝተዋል፤ ወደ ሥፍራው የሚሄደው ቡድን ወዲያውኑ ተነሥቷል። ምስክሯ ጓደኛቸው እስክትመጣ ከጣቢያው አልወጣም ስላሉ በመርማሪው ቢሮ እንዲቆዩ ተደርጓል። አቶ ይበልጣል በእጁ የተገኘው ሐምራዊ ጃንጥላ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የምስክሯ ነው ሲል መልሷል። ጃንጥላው በኤግዚቢትነት ተይዟል። እጀታው ላይ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፤ ፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ማስተዋል የሚል ተጽፏል።